ኮምጣጣ ጎመን ለጋሽ ነገሪ

ጋሽ ነገሪን ማመስገን የሚቻል ነገር አይደለም። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እነ ለሊሴ ብሎክ ውስጥ፣ ሞክሮ ያልተሸነፈ ሰው የለም። ምድር ላይ፣ ከደረጃው አጠገብ ባለችው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። የተበላሸ ካውያ ቢወሰድላቸው ይሠሩታል፤ የተሰበረ የበር እጀታ ቢወሰድላቸው ያቃኑታል። "ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ሲባሉ ግን ልክ እንደተሰደበ ሰው ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው፣ "በይ ሂጂ፣ ሥራ አለብኝ" ብለው በራቸውን ይዘጋሉ። ሥራ የለባቸውም። ጡረታ ከወጡ አስር ዓመት ሆኗቸዋል።

ከብሎኩ ሰው ሁሉ በላይ ሊያመሰግናቸው የሚገባው ለሊሴ ናት። አስራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ አፏ ከእግሯ የሚፈጥን። የዘንድሮውን የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሒሳብ ዘጠና አንድ አምጥታለች። ስድስተኛ ክፍል ላይ አርባ ሁለት ያመጣች ልጅ፣ ዘጠና አንድ! እናቷ ኮከቤ ውጤቱን ስልኩ ላይ ስታየው የሌላ ልጅ ነው ብላ ሦስት ጊዜ ስሟን አንብባለች።

ነገሩ የተጀመረው በሳህን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የጋሽ ነገሪ ባለቤት፣ እትዬ ትርፌ፣ ሲያርፉ፣ ኮከቤ ሽማግሌው ብቻቸውን ምን ይበላሉ ብላ በየእሁዱ አንድ ሳህን ምግብ ትልክላቸው ጀመር። ሰማያዊ የቆርቆሮ ሳህን ነው፣ መሃሉ ላይ ቀይ አበባ ያለበት፣ ጠርዙ በአንድ በኩል የተላጠ፤ የኮከቤ እናት የሰጠቻት። በዚህ ሰፈር ደግሞ የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ሁለት ሎሚም ይሁን አንድ ጭብጥ ቆሎ፣ የሆነ ነገር ጣል ይደረግበታል። ጋሽ ነገሪ ቤት ግን ሎሚም ቆሎም አልነበረም። የመጀመሪያው እሁድ ሳህኑ ታጥቦ ሲመለስ ውስጡ አራት ቦታ የታጠፈ የካሬ ደብተር ወረቀት ነበረበት። ስድስት የሒሳብ ጥያቄ። ከላይ "ለልጅሽ" ይላል።

"ምናለ ቆሎ ቢልኩ!" አለች ለሊሴ ያን ቀን።

በሚቀጥለው እሁድ የተሠራው ወረቀት ከምግቡ ጋር ወረደ። በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ፣ ከአዲስ ስድስት ጥያቄ ጋር ወጣ። እንዲህ እየተባለ ሁለት ዓመት፤ ሽሮ ይወርዳል፣ ሒሳብ ይወጣል። ያልገባት ነገር ሲኖር ራሷ ትወርድና ጠረጴዛቸው ዳር ትቀመጣለች። ቀዩ እስክሪብቶ ከምንም በላይ የሚጽፈው አንድ ነገር ነው፤ "ደረጃ ዘለልሽ!" ለሊሴ መልሱን ካወቀችው መንገዱን መጻፍ ይሰለቻታል። ሦስተኛው መስመር ላይ መሆን የሚገባት ልጅ ስድስተኛው ላይ ትገኛለች፤ እዚያም የምትገኘው አብዛኛውን ጊዜ ተሳስታ ነው።

ውጤቱ የመጣ ሰሞን ኮከቤ ከተክለ ሃይማኖት ጥሩ ሹራብ ገዝታ ወሰደችላቸው። በማግስቱ ሹራቡን ጥበቃው ለብሶት ታየ። ሙዝ ላከች፤ ሙዙ ከነፓፓያ ተመለሰ። ለሊሴ ራሷ ወርዳ "ጋሼ፣ አመሰግናለሁ" ብትላቸው፣ "የተፈተንሽው አንቺ፤ እኔ ምን አድርጌ?" አሉና በሩን ዘጉት።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ወሬው መጣ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ አዳማ የምትኖረው ልጃቸው ሌንሳ ጠቅልላ ልትወስዳቸው ነው። ቀኑም ተቆርጧል፤ በፍልሰታ ጾም ሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ፣ ከቅዳሴ መልስ።

ለሊሴ ጣቷን ቆጠረች። ሦስት ሳምንት ነበራት። በሦስት ሳምንት ውስጥ እኚህን ሰው፣ አንዴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምስጋና ማስዋጥ አለባት። ሳይመልሱት፣ ለጥበቃ ሳይሰጡት፣ በር ሳይዘጉባት። አለበለዚያ እንዲሁ ቢሄዱባት ዘጠና አንዷ ዕድሜ ልኳን ትቆረቁራታለች።

ምን እንደምትሰጣቸው ግን ታውቃለች።

ጥር ላይ ነው፣ ብርድ የነበረ ቀን፤ እጇን እያሻሸች ስትገባ አይተዋት ነበር ያወሩላት። ልጅ እግር ሳሉ፣ በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ የማሽን ሙያ ሊማሩ ጀርመን፣ ላይፕዚግ፣ ተልከው ነበር። የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ ጓንት የሚባል ነገር አልነበራቸውም።

"ባቡር ጣቢያው ጋ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ነበረች" አሉ። "የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን እያድቦለቦለች፣ እየጠበሰች የምትሸጥ። አንድ ቀን ጣቶቼ ደርቀው ሳልፍ ጠራችኝ። አራት ፍሬ በወረቀት ጠቅልላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሳንቲም ባወጣ እጄን መታ አደረገችው።"

"ይጣፍጣል?"

"ከላይ ክሽ ይላል፣ ከውስጥ ይኮመጥጣል። ጣቶቼን ያገኘኋቸው ያን ቀን ነው።"

"እና ምን አሏት?"

"ምን እላታለሁ? ቋንቋውን አላውቀው። አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ ሄድኩ። ቃሉን ከተማርኩ በኋላ ብመለስ እሷም የለች፣ ጋሪዋም የለ።" ቀዩን እስክሪብቶ አነሱ። "አራተኛው ጥያቄ ላይ ደረጃ ዘለልሽ።"

እንግዲህ ለሊሴ ስልኳን ከፈተች። የኮመጠጠ ጎመን አሠራር ሞልቷል። ሁለት ጥቅል ጎመን ገዝታ ባለ ጉሊቷን አስመዘነቻት፤ ልክ ሁለት ኪሎ። ጨው ከመቶ ሁለት እጅ ይላል። ሁለት ሺህ ግራም፣ ከመቶ ሁለት፣ አርባ ግራም። ለመጀመሪያ ጊዜ የጋሽ ነገሪ ሒሳብ ከወረቀት ወጥቶ ጎመን ውስጥ ገባ። ጎመኑን እንደ ፀጉር አቅጥና ከትፋ፣ ከጨው ጋር ውሃ እስኪያወጣ አሽታ፣ ትልቅ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ በታጠበ ድንጋይ ተጫነችው። በአራተኛው ቀን አረፋ ማውጣት ጀመረ። በስድስተኛው ቀን መሽተት ጀመረ።

"ለሊሴ!" አለች ኮከቤ ከወጥ ቤት። ጌጃ ሰፈር ልብስ ሰፊ ቤት ዩኒፎርም ስትሰፋ ውላ ደክሟት ነው የገባችው። "ወይ ይሄ ነገር ከቤቴ ይወጣል፣ ወይ አንቺ ትወጫለሽ!"

"እማ፣ እየበሰለ እኮ ነው!"

"እየሞተ ነው እንጂ!"

ብልቃጡ ተሰደደ። የተቀበሉት ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ሳዲያ ናቸው። እትዬ ሳዲያ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ ለማንም እምቢ ማለት አያውቁም። ቢያውቁበት ኖሮ ያን ቀን ይሉ ነበር፤ ብልቃጡን በሻሻቸው አፍንጫቸውን ይዘው ነው በረንዳ ላይ ያስቀመጡት። ለሊሴ እሳቸውን የመረጠችበት ግን ሌላም ምክንያት ነበር። መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ልጃቸው ሙኒር በረመዳን ኤር ፍራየር፣ ያለ ዘይት በትኩስ አየር የሚጠብስ ማሽን፣ አምጥቶላቸዋል። እትዬ ሳዲያ ዳንቴል አልብሰው ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀምጠውታል። አንድም ቀን ሶኬት ነክቶ አያውቅም።

"እትዬ ሳዲያ፣ ይሄን ዕቃ ሥጋ ነክቶታል እንዴ? ጾም ስለሆነ ነው" አለች ለሊሴ።

"ምን ይነካዋል? እኔ ራሴ አልነካሁት! በነፋስ ነው የሚጠብስ ሲሉኝ ሳቄን መቻል አቅቶኝ።"

ጾሙ ራሱ ሌላ ጣጣ ነበር። ስልኩ ላይ ያለችው ሴትዮ እንቁላልና አይብ ትጨምርበታለች፤ በፍልሰታ አይሆንም። ለሊሴ በእንቁላሉ ፋንታ የተቀቀለ ድንችና የሽምብራ ዱቄት አሰበች። ለውጭው ልባስ ደግሞ የደቀቀ ድርቆሽ። ቪዲዮውን በእጥፍ ፍጥነት አየችው፤ ሴትዮዋ ብዙ ታወራለች፣ ለሊሴ ደግሞ ጊዜ የላትም። እጅ እጅ የሚለው ጋ ስትደርስ እያሳለፈች፣ የሚጠበስበት ጋ ብቻ ቆመች።

ሐሙስ ከሰዓት፣ መሄጃቸው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ለሙከራ አንድ እፍኝ ከብልቃጡ አወጣች። ዳንቴሉ ተነሣ። እትዬ ሳዲያ ማሽኑ ማፏጨት ሲጀምር ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

"ይፈነዳል?"

"አይፈነዳም፣ ነፋስ ነው።"

"ነፋስም እኮ ቤት ያፈርሳል።"

ማሽኑ ደወለ። ለሊሴ መሳቢያውን ሳበችው። ድቡልቡል ብለው የገቡት ነገሮች ተንጠፍጥፈው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ልክ እንደ እርጥብ ካልሲ ተኝተዋል። ክሽ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም።

ጣዕሙንስ ማን ይንገራት? ለሊሴ ዘንድሮ እንደ ትልቅ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ብላ ተስላለች፤ ሰዓቱ ደግሞ ገና ስምንት ነው። የምትቀምስላት ምላስ የእትዬ ሳዲያ ብቻ ናት። የጾም ምግብ እንደሆን ለማንም አያስቸግርም፤ ሥጋ የለበት፣ ሁለቱም ቤት ይበላል።

እትዬ ሳዲያ በጣታቸው ጫፍ ቆንጥረው ቀመሱ። ፊታቸው እንደተጨመቀ ሎሚ ተኮማተረ።

"እውነቱን ልንገርሽ?"

"ይንገሩኝ።"

"ልጄ፣ ይሄ ጎመን ታሟል።"

"አልታመመም! እንዲህ ነው የሚሆነው!"

"እሺ፣ አብሽሪ፣ እሺ" አሉ እትዬ ሳዲያ። ግን ማታ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ምስኪን ልጅ፣ ሦስት ሳምንት ለፍታ፣ የተበላሸ ጎመን ለሽማግሌ ልታበላ! በልጃቸው ፊት ልትዋረድ! ጾመኛ ሆድ ላይ!

ዓርብ ረፋድ ላይ ለሊሴ ድንች ልትገዛ ወጣች። የልደታ ማርያም ደጅ በነጭ ነጠላ ሞልቷል፤ ሻማና ጧፍ የሚሸጡት መንገዱን ይዘውታል። ጋሽ ነገሪን ከሩቅ አየቻቸው፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ወደ ቅዳሴ ሲገቡ። ቅዳሴው የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሌንሳ መኪናና ሾፌር ይዛ የምትመጣው ደግሞ ለዘጠኝ ተኩል። በዚያች መሃል ያለች ግማሽ ሰዓት ነበረች የለሊሴ ጊዜ። ድንቿን ገዛች፤ ባለ ጉሊቷ ከሰው ጋር ወሬ ይዛ መልስ እስክትሰጣት ብዙ አስቆመቻት፤ ከዚያ ቤት ገብታ ቀቅላ፣ ልጣ፣ ፈጭታ፣ ሰባት ሰዓት ሲሆን ሦስተኛ ፎቅ ደረሰች።

ብልቃጡ መታጠቢያው ላይ በአፉ ተደፍቶ ያበራል። ንጹህ ነው። ባዶ ነው።

"እትዬ ሳዲያ! ጎመኔስ?"

እትዬ ሳዲያ ፈገግ ብለው ከወጥ ቤት ወጡ። የማጣሪያ ሰፌድ ይዘዋል። በላዩ ላይ የገረጣ፣ የደረቀ፣ እንደ ጭድ የተበተነ ጎመን አለ።

"አዳንኩልሽ! በጨው በሙቅ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ከዚያ በንጹህ ሻሽ ጠቅልዬ ጠብታ እስኪያጣ ጨመቅኩት። እጄ ዝሏል፣ ወላሂ! በካሮት አልጫ ብናደርገው..."

"ይኮመጥጣል?"

"ኧረ በፍጹም!" አሉ በኩራት። "ትንሽ እንኳ!"

ለሊሴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሦስት ሳምንት፣ አርባ ግራም ጨው፣ የሴትዮዋ ጋሪ፣ ሁሉም በቧንቧው ወርዶ ሄዷል።

እትዬ ሳዲያ ደነገጡ። ሰፌዱን አስቀምጠው አጠገቧ ተቀመጡ።

"ምን አጠፋሁ?"

"ኮምጣጣነቱ ነበር እኮ! እሱ ነው ቁም ነገሩ! ሆን ብዬ ነው ያኮመጠጥኩት!"

"ሆን ብለሽ?" ጉንጫቸውን ያዙ። "ሱብሃነላህ! እኔ እኮ... ተበላሽቶባት ነውር እንዳይሆንባት ብዬ... ልሸፍንልሽ ብዬ ነው ልጄ።"

ለሊሴ ልትቆጣ ፈለገች፤ አልቻለችም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አፍንጫቸውን ይዘው በረንዳቸውን የሰጧት ሴት ናቸው። እጃቸውን አየችው፤ ከመጭመቅ ብዛት ቀልቷል።

ከዚያ እትዬ ሳዲያ ድንገት ተነሡ።

"ኮምጣጣ ብቻ ነው የጠፋው?"

"ብቻ?!"

"ተነሽ! ኮምጣጣ እኔ ቤት ጠፍቶ ያውቃል? ትናንት ያቦካሁት ሊጥ አለ አይደል!" ከወጥ ቤቱ ጥግ የሊጥ ባልዲያቸውን ከፈቱ፤ ከላዩ ላይ የቆመውን ብጫ እርሾ በጭልፋ ቀድተው አፍንጫዋ ሥር አስጠጉላት። "አሽቺው። ይሄ ካልኮመጠጠሽ ስሜን ቀይሪው።"

ለሊሴ አሸተተችው። ዓይኗን አጠበበች። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ተነሣች።

የሽምብራውን ዱቄት በውሃ ፋንታ በእርሾው በጠበጡት። የተፈጨውን ድንች፣ የታጠበውን ጎመን፣ ቃርያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንጥር ጨው። በዘይት በታሸ እጅ አድቦለቦሏቸው፤ በደቀቀው ድርቆሽ ላይ አንከባለሏቸው። ለሁለተኛ ሙከራ ጊዜ የለም። ስምንት ሰዓት ከሩብ ነው።

"ሁለት መቶ ዲግሪ፣ አስራ ሁለት ደቂቃ" አለች ለሊሴ። "ስድስተኛው ላይ ይገለበጣል።"

"ቢስሚላህ" አሉ እትዬ ሳዲያ። ዛሬ ወደ ኋላ አልሄዱም።

ማሽኑ ሲያፏጭ ለሊሴ ስልኳን ከፈተችና ያን ቪዲዮ በልኩ ፍጥነት ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ያሳለፈችው ቦታ፣ ሴትዮዋ ጎመኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ በሁለት እጇ ትጠመዝዘዋለች። ውሃው ይንጠባጠባል። ደግማ ትጠመዝዘዋለች። ለሊሴ ስልኩን አስቁማ አፈጠጠችበት። ትናንት እርጥብ ካልሲ ያደረገው ይሄ መቅረቱ ነበር። ማንም በቀይ ባይጽፍላትም ድምፃቸው ጆሮዋ ውስጥ መጣ፤ "ደረጃ ዘለልሽ።" የዘለለችውን ደረጃ እትዬ ሳዲያ፣ ምንም ቪዲዮ ሳያዩ፣ በሻሻቸው ሠርተውላታል።

ማሽኑ ደወለ።

መሳቢያው ሲሳብ ድርቆሹ እየተንጫጫ ነበር። ወርቅማ፣ ድቡልቡል፣ እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ። ለሊሴ በጥፍሯ መታ አደረገችው፤ ክሽ አለ።

"ይቅመሱ! ቶሎ ይቅመሱልኝ!"

እትዬ ሳዲያ ነፋ ነፋ አድርገው ገመጡት። አኘኩ። ቀኝ ዓይናቸው ተጨፈነ፣ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ወጣ፣ ፊታቸው በሙሉ መሃሉ ላይ ተሰበሰበ።

"ወይኔ! ይኮመጥጣል!"

ለሊሴ ዘላ አቀፈቻቸው።

ሰዓቱ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። የኮከቤ ሰማያዊ ሳህን ሞላ፤ ከላዩ ንጹህ ጨርቅ ለበሰ። ጋሽ ነገሪ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቅዳሴ ሲገቡ ለሊሴ በራቸው ላይ ቆማ ነበር። ቤቱ ባዶ ሆኗል። ካርቶኖቹ በሲባጎ ታስረው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ሌንሳ ቀደም ብላ ደርሳ የመጨረሻውን ሻንጣ ትዘጋለች፤ አባቷን የምትመስል፣ ግንባሯ ሰፊ ሴት። እትዬ ሳዲያ ግን አልወረዱም፤ ማለት ወርደዋል፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተደብቀው ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ጾምዎን በዚህ ይፍቱ።"

"ምንድን ነው? እናትሽ ሥራ የላትም እንዴ?"

"የእማ አይደለም፣ የኔ ነው። ይብሉት እንጂ፣ ፈተና እኮ አይደለም!"

ሌንሳ ሳቋን በእጇ ያዘች። ጋሽ ነገሪ የቀረችው ወንበር ላይ ተቀመጡና ጨርቁን አነሡት። አዩት። አንዱን አንስተው ጣታቸው መሃል አዟዟሩት፤ ከዚያ ገመጡት። ክሽታው ባዶው ቤት ውስጥ ጮኸ።

ማኘካቸውን ቀጠሉ። ለሊሴ በአንድ እግሯ ቆማ ጠበቀች።

"ጎመኑ ታጥቧል" አሉ ጋሽ ነገሪ።

"እኔ ነኝ ያጠብኩት!" አለ ከደረጃው ላይ ድምፅ። "ልጅቷ የለችበትም! እኔ ነኝ!"

"ነይ ግቢ ሳዲያ፣ ከደረጃ ላይ አትጩኺ።" ሁለተኛውን አነሡ። "ኮምጣጣው ግን ከጎመኑ አይደለም የመጣው። ከምን ነው?"

"ከእርሾ" አለች ለሊሴ። "አንድ አይደለም አይደል? ከሴትዮዋ ጋር?"

"አንድ አይደለም።" ጣቶቻቸውን ተመለከቱ፤ ዘይትና የድርቆሽ ፍርፋሪ ነክቷቸዋል። "የሷ ድርቆሽ አልነበረውም። ቃርያም የለውም።" ሦስተኛውን ወሰዱ። "ግን ይሄው፣ ትኩሱ ጣቴ ላይ ሲያርፍ፣ ያው ነው። ይሄን ያወራሁልሽ እኮ አንድ ጊዜ ነው። እንዴት ያዝሽው?"

"ቁም ነገር አልረሳም። ደረጃ ነው የምዘልለው።"

ጋሽ ነገሪ ሳቁ። ለሊሴ እንዲህ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም፤ ሌንሳም ቀና አለች።

ከዚያ ግን የፈራችው ነገር መጣ። ሽማግሌው ሳህኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ቤቱን በዓይናቸው ይፈልጉ ጀመር፤ መስኮቱን፣ መደርደሪያውን፣ ካርቶኖቹን። በሳህኑ የሚመለስ ነገር ነው የሚፈልጉት። "ሌንሳ፣ የካሬ ደብተሬ የትኛው ካርቶን ውስጥ ነው? እስክሪብቶዬስ? አንዴ ፍቺልኝ።"

ሌንሳ ሲባጎውን ልትፈታ ጎንበስ አለች።

"አይፍቱት!" አለች ለሊሴ። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ወጣ። "ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት? ዛሬ እኔ ልጠይቅ።"

"ጠይቂ።"

"ያቺን ሴትዮ ቢያገኟት፣ ቃሉን ከተማሩ በኋላ፣ ምን ይሏት ነበር?"

"ዳንከ። አመሰግናለሁ ነው።"

"እሷስ 'በል ሂድ፣ ሥራ አለብኝ' ብትልዎት?"

እትዬ ሳዲያ በሩ ጋ ሆነው ሻሻቸውን ነከሱ።

"ይከፋኝ ነበር" አሉ ጋሽ ነገሪ በመጨረሻ። "አርባ ዓመት ይዤው የዞርኩት እኮ ነው።"

"እኔም እንዳልይዘው" አለች ለሊሴ። "ዘጠና አንድ ነው ያመጣሁት። አርባ ሁለት ነበርኩ። በየእሁዱ ስድስት ጥያቄ ልከውልኛል፣ እትዬ ትርፌ ያረፉ ጊዜ እንኳ ልከውልኛል። አመሰግናለሁ ጋሼ።"

ከውጭ የመኪናው ሾፌር ክላክስ ነካ አደረገ። ጋሽ ነገሪ ግንባራቸውን ሊቋጥሩ ጀምረው ተዉት። ወደ በሩ አዩ፤ በሩን አልዘጉትም።

"እሺ" አሉ። "እሺ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ተቀብያለሁ።"

ቀስ ብለው ጨርቁን በሳህኑ ላይ መልሰው አለበሱት፤ ከሥር አዙረው ቋጠሩት። "ካርቶኑን ተይው" አሏት ሌንሳን። "የቀረውን መንገድ ላይ እበላዋለሁ። ሳህኑንም እወስደዋለሁ።" ወደ ለሊሴ ዞሩ። "ለእናትሽ ንገሪያት፤ ባዶውንም አልመልሰው፣ ሞልቼም አልመልሰው። የኔ ነው።"

መኪናው ሲወጣ ሳህኑ ጭናቸው ላይ ነበር። በመስኮት አንድ እጃቸውን አውጥተው አወዛወዙ፤ ጣቶቻቸው አሁንም ፍርፋሪ ነበረባቸው።

አስር ሰዓት አካባቢ ለሊሴ ማሽኑን ልታጥብ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። እትዬ ሳዲያ ሦስት ፍሬ ደብቀው አስቀምጠውላት ነበር። ጾሟን በዚያ ፈታች። ሦስት ሳምንት ስታሰላው የከረመችውን ነገር ገና አሁን ቀመሰችው፤ ፊቷ ተጨማደደ።

"ይኮመጥጣል!"

"አልነገርኩሽም?" አሉ እትዬ ሳዲያ። አንዱን ከሳህኗ ላይ አንስተው ጎረሱ። ከዚያ ሌላውን። ዳንቴሉን ከሶፋው ላይ አነሡት፤ አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ማሽኑን አላለበሱትም።

"እትዬ ሳዲያ" አለች ለሊሴ፣ "ያን ጎመን ባይጨምቁልኝ ኖሮ እርጥብ ካልሲ ይዤ ነበር የምወርደው። አመሰግናለሁ።"

"በይ ወዲያ! ምን አድርጌ?"

"እንዳይጀምሩኝ!"

እትዬ ሳዲያ ሳቅ አሉ። "እሺ እሺ፣ ተቀበልኩ።"

ማታ ኮከቤ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ በቀጥታ ወደ ሳህን መደርደሪያው ሄደች። ጥቂት ቆማ አየችው። የሰማያዊው ሳህን ቦታ ክፍት ነው።

"ጋሽ ነገሪ ሄዱ?"

"ሄዱ።"

"የእናቴ ሳህንስ?"

ለሊሴ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ነበር፤ ባዶ የካሬ ወረቀት ላይ፣ ከምን እንደምትጀምር ሳታውቅ፣ ለራሷ ስድስት ጥያቄ ለመጻፍ እየሞከረች። ቀና አለች። ፈገግታዋ ከጆሮ እስከ ጆሮ ነበር።

"አልመለሱትም እማ።"

ኮከቤ ዞር ብላ ልጇን አየቻት። እየቆየ ነው የገባት። ከዚያ ወንበሩን ስባ ቁጭ አለችና፣ ዩኒፎርም ስትሰፋ የዋለ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

"ተመስገን" አለች። "ተመስገን! ሹራቡን ግን ከዚያ ጥበቃ ላይ ማስወለቅ አለብኝ።"